ፎርማት ያላስደረግሁት ጾመ ድጓ

ባለፈው ሰሞን ስልኬ አልከፈት ብሎኝ፣ ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ ካለው የስልክ ጥገና ሱቅ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጠጋኙ ጀርባውን ገልብጦ በብየዳው ጫፍ ነካ ሲያደርገው ያ የጋለ አቧራና የቀለጠ እርሳስ ሽታ ብን ብሎ ወጣ። ሽታው ካፍንጫዬ ሳይጠፋ ሰውየው ቀና ብሎ፣ ይሄ ፎርማት ካልተደረገ አይነሣም፣ ውስጡ ያለውን ይርሱት አለኝ። ስልኬን ካጁ ነጥቄ ተነሣሁ። ደነገጠ መሰለኝ፣ ምን አጠፋሁ ሲል ሰምቼዋለሁ። ምንም አላጠፋም፣ የሚያውቀውን ነው የነገረኝ፤ ግን ፎርማት የምትባለዋን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። የጥንቷን ኮምፒውተሬን የሚያስታውሰኝ ሽታና ያቺ ቃል አንድ ላይ ሲመጡብኝ ደግሞ እግሬ ወደ ቤት፣ ልቤ ወደዚያ ዘመን ሄደ።

ያን ጊዜ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነበረኝ። ከዋናው መንገድ ወደ ገበያው በሚያስገባው ቅያስ፣ በወፍጮ ቤቱና በካሴት ቤቱ መካከል የተሰነቀረች የቆርቆሮ ክፍል። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ ሻይ በሃምሳ ሳንቲም የሚጠጣበት፣ ጎረምሳው ተረከዙ ሥር የሚጎተት ሰፊ ጂንስ የሚለብስበት፣ ገበሬው በጋቢው ላይ ካፖርት ደርቦ በኮንጎ ጫማ ጭቃውን የሚረግጥበት ጊዜ ነበር ካልኋችሁ ይበቃል። አንዱን ገጽ በብር ከሃምሳ እተይብ ነበር፦ አቤቱታ፣ የኪራይ ውል፣ የሰርግ መጥሪያ፣ የእድር ማስታወቂያ። ወፍጮው ባንድ ወገን ያንቀጠቅጠኛል፣ ካሴት ቤቱ በሌላው ወገን ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አውጥቶ አንዲቷን ዘፈን ከጧት እስከ ማታ ይደጋግማታል። አንድ ቀን ለወረዳው በተጻፈ የመሬት አቤቱታ መካከል ከዘፈኗ "ሆዴ" የሚል ቃል ገብቶ ተገኝቶ ባለጉዳዩና እኔ ስንስቅ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ተሰማን። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል፣ ከሥሩ ባንክ ገብቶበታል። በዚያ ሳልፍ አሁንም የዱቄት ሽታ የሚሸተኝ ይመስለኛል።

ኮምፒውተሯን ከጎንደር ያመጣኋት ጭኔ ላይ አቅፌ ነው። መንገዱ ያን ጊዜ ጠጠር ነበር፤ አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ዳባት እስክንደርስ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ እሷን ከፍ አድርጌ እኔ ወርጃለሁ። መጥታ ግን አልተረጋጋሁም። ፍላሽ ይዞ የሚገባው ደንበኛ ሁሉ ቫይረስ ይዞ ይገባል፤ ዛሬ ስተይብ የዋልሁት ነገ ባዶ ፎልደር ሆኖ ይጠብቀኛል። ታዲያ አንድ ቀን ከስሜን ተራሮች፣ ከጊች በእግሩ የወረደ፣ አፍንጫው በፀሐይ የተላጠ ፈረንጅ አውቶቡስ ጠብቆ ጠብቆ ሲያጣ ከእኔ ቤት ተጠለለ። ችግሬን በአስጎብኚው በኩል ነገርሁት። ከቦርሳው ሲዲ አወጣና ዲስኳን ለሁለት ከፈላት። ባንዱ ወገን ዊንዶውሱ እንዳለ ቀረ፣ በሌላው ወገን ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት አስገባበት። ከዚያ ወዲያ ማሽኗ ስትበራ በየትኛው በር ልግባ ብላ ትጠይቃለች። ቫይረሱ ወደዚህኛው አይሻገርም፣ የምትሳሺለትን እዚህ አኑሪ ብሎኝ በማግስቱ ሄደ። ይሄን ለመሪጌታ ሀብቴ ሳጫውታቸው፣ "እንግዲያማ አንዱ ቅኔ ማኅሌት፣ አንዱ መቅደስ ነው በይኛ" አሉኝ። ስሙ በዚያው ጸና። ደንበኛው ሁሉ በቅኔ ማኅሌቱ ይስተናገዳል፣ ወደ መቅደሱ ከእኔ በቀር የሚገባ የለም።

መሪጌታ ሀብቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ደብር ድጓ የሚያስተምሩ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲቀልዱም የሚፈሩ ሰው ነበሩ። ድምፃቸውን ምን ብዬ ልንገራችሁ! የዕዝሉን ዜማ ሲያነሡት ደጀ ሰላም የቆመ ሰው ፀጉሩ ይቆማል። በኋላ ጉሮሯቸውን ያማቸው ጀመር። ጎንደር ሄደው ታዩ፤ መቀደድ አለበት፣ ድምፁ ግን ላይመለስ ይችላል ተባሉ። ሌላው ሰው ቢሆን ያለቅሳል። እሳቸው ደባርቅ እንደ ገቡ በቀጥታ ወደ እኔ መጥተው፣ "በላይነሽ፣ ይቺ ማሽንሽ ድምፅ ትይዛለች አሉ፣ እውነት ነው?" አሉኝ። በዚያ ክረምት ጾመ ድጓን ከዘወረደ እስከ ሆሣዕና ቀዳን። ወፍጮው ሳይነሣ፣ ካሴት ቤቱ ሳይከፍት፣ ኪዳን ደርሶ እንደ ወጡ ይመጣሉ። በሩ ላይ ብርድ ልብስ እሰቅላለሁ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ከጣለ እስኪያባራ ቁጭ ብለን በሶ እንጠጣለን። አንድ ቃል ብቻ አስገቡኝ፣ ቅጂው ካንድ ቦታ እንዳይወጣ። ዜማ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ነው፣ ከዚህ ወጥቶ ካሴት ቤት ከገባ ነገ ከዘፈን ጋር ተደባልቆ ይሸጥብኛል አሉ። እመቤቴን አይወጣም አልሁ፣ አላወጣሁም።

ሐኪሞቹ ያሉት አልቀረም፣ ጎንደር ተቀደው ሲመለሱ ሹክሹክታ ብቻ ቀርቷቸው ነበር። ጉባኤያቸውን ግን አላጠፉም። ተማሪዎቹ እየተፈራረቁ ወደ ሱቄ ይመጣሉ፤ ማሽኗ ታዜማለች፣ እሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው የሳተውን በመቋሚያቸው ጫፍ ትከሻውን ነካ፣ ዜማውን በእጃቸው ከፍ ዝቅ። ደባርቅ ገበያ ውስጥ፣ በዱቄትና በዘፈን መካከል፣ ድጓ ቤት ሆንን። አንዳንድ ካህን አጉረመረመ፤ እሳቸው ግን የሚተካቸው መምህር በአካባቢው እንደሌለ ያውቁ ነበር። ድምፁ ካለ ተማሪው አለ፣ ድምፁ ከሌለ ተማሪው ስልቻውን ይዞ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል።

እንዲህ ሆነን ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አንድ ቀን መብራት ድርግም አለ። መብራት መጥፋት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ማሽኗም ለምዳው ነበር፣ ስትነሣ ራሷን ትመረምርና ትከፍታለች። ያን ጊዜ ግን መቅደሱን ስመርጥላት በጥቁር ላይ ነጭ ጽሕፈት ደርድራ ቀጥ አለች። አጠፋኋት፣ አበራኋት፣ ያው ነው። እህቴ ብርቄ ሱቁን አብራኝ ትጠብቅ ነበርና እሷም ሞከረች፣ ያው ነው። መሪጌታ በራፉ ላይ ቆመው ሲያዩን ነበር። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ከፍ አድርገው ተከናነቡ።

ከጎንደር ባለሙያ አስመጣሁ። ደህና ሰው ነው፣ ግን የሚያውቀው ዊንዶውስን ብቻ ነበር። በቅኔ ማኅሌቱ በኩል ገብቶ መቅደሱን ጠቅ ሲያደርገው ያቺ ትንሽ ሳጥን ወጣች፣ ይህ ክፍል አልተሰናዳም፣ ፎርማት ላድርገው? የምትለው። እኔ ያቺን ሳጥን ማሽኗ ደህና ሳለችም አውቃታለሁ፤ ዊንዶውስ የዚያኛውን ወገን ጽሕፈት ማንበብ ስለማይችል ሁልጊዜ ባዶ ይመስለዋል። ይሄን ብለው፣ በቃ ሞቷል፣ ሌላውን ዲስክ ሳይበላው እናጽዳው ብሎ ቀስቱን "አዎ" የሚለው ላይ አኖራት። በእጁ ላይ እጄን ጫንሁበት። ልጫን ይላል፣ አትጫንም እላለሁ። ባለሱቆቹ በበሩ በኩል እያዩ ይሳሳቃሉ። በመጨረሻ የማሽኗን አይጥ ከነገመዷ ነቅዬ ጉያዬ ከተትኋትና፣ የመጓጓዣህንና የድካምህን እከፍልሃለሁ፣ በሰላም ግባ አልሁት። እሱ ከሄደ በኋላ መሪጌታ ከጥግ ሆነው ሹክ አሉ፣ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።" እርስዎስ ለቀቁ እንዴ አልኋቸው። እያዘኑም ሳቅ አመለጣቸው።

ዳባት ላይ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚያስተምር ሰጠኝ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። በሊኑክስ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያሉትን አሮጌ ኮምፒውተሮች አነሣ ሲባል ሰምቻለሁ። በማግስቱ ማሽኗን በጋቢ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ብርቄ ሱቁን ትጠብቅ አልሁ፤ መሪጌታ ግን ከኋላዬ ገብተው ቁጭ አሉ። ብርዱ ጉሮሮዎን ይጎዳዋል ብላቸው አልሰሙኝም። ዳባት የገበያ ቀን ነበርና የነጭ ሽንኩርት ጆንያ እግራችን ሥር፣ የታሰረ በግ ጀርባችን ላይ። በጉ መንገዱን ሙሉ የመሪጌታን ጥምጥም ሲያሸት እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ይጸልዩ ወይ ያዚሙ አላውቅም፣ ድምፅ የለም።

መምህር ሰጠኝ ነገሩን ሰምቶ ከሁሉ በፊት የጠየቀኝ፣ ማን ምን ነካባት የሚል ነበር። ማንም ምንም አልሁ። እንግዲያው እኛም አንነካትም፣ መጀመሪያ ዲስኳን እንዳለች እንገልብጣት አለ። ከተሳሳትን የምንሳሳተው በግልባጩ ላይ ይሁን፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። መሪጌታ ይሄን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሰውየው በዚያው ልባቸው ገባ። እኔ ግን ቃሌ ትዝ አለኝና ወደሳቸው ዞርሁ፤ ቅጂው ካንድ ቦታ አይወጣም ብዬ ምያለሁ። እሳቸውም ይገልብጥ ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ማሽኗን በሲዲ አስነሥቶ ከትምህርት ቤቱ በተዋሰው ዲስክ ላይ መገልበጥ ጀመረ። እስኪያልቅ ቀኑ ዋለ። የመምህሩ ባለቤት ሽሮ አቀረበችልን፤ መሪጌታ ጉሮሯቸው እህል በደንብ አያሳልፍም ነበርና ፍትፍቱን አላልታ ለብቻ ሠራችላቸው። እግዜር ይስጣት፣ ሳይነግሯት የምታውቅ ሴት ነበረች።

ግልባጩ ሲያልቅ መምህር ሰጠኝ ምርመራውን አስነሣ። የዲስኳ አከፋፈል ደህና ነው፣ ግድግዳው አልፈረሰም አለ። ከዚያ ጽሕፈቱን አነበበ። ደግሞ አነበበው። "እትዬ በላይነሽ፣ ይሄ ነገር አልገባኝም። ይህ ክፍል መጨረሻ የተከፈተው ገና ወደፊት በሚመጣ ቀን ነው ይላል። ካሁኑ ሰባት ዓመት አልፎ።" እኔም አልገባኝም። የማሽኗን ቀን አወጣና አየው። "ቀኑን ማን ወደኋላ መለሰው?" ማንም አልሁ አሁንም። ያን ጊዜ ከኋላችን ሹክሹክታ ሰማሁ። መሪጌታ ከተቀመጡበት ተነሥተው ቆመው ነበር። "እኔ ነኝ" አሉ። "ልክ አደረግሁላት ብዬ።"

ጉዱ ለካስ እንዲህ ነው። መብራቱ በጠፋበት ዋዜማ እኔ ልቅሶ ሄጄ በነበረ ጊዜ ብርቄ የደብሩን ደብዳቤ ስትተይብ ማሽኗ በራሷ ጊዜ የፈረንጁን ቀን ትጽፍበታለች። መሪጌታ ደግሞ ባሕረ ሐሳብን በጣት መገጣጠሚያቸው ቆጥረው ጾምና በዓል የሚያወጡ ሰው ናቸው። ዓመተ ምሕረትን የማታውቅ ማሽን የደብር ደብዳቤ አትጽፍም ብለው ዓመቱንም፣ ወሩንም፣ ሰዓቱንም ሳይቀር በእኛ አቆጣጠር አስገቡላት። ብርቄም የየኔታ ትእዛዝ ነው ብላ እንዳሏት አደረገች። እኛ ከፈረንጁ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ነን፤ መብራቱ በሄደ ጊዜ ማሽኗ ራሷን ልትመረምር ብትነሣ ትናንት የጻፈችው ሁሉ ገና ካልመጣ ዘመን ሆነባት። ግራ ቢገባት፣ ይሄን ለብቻዬ አልጠግንም፣ ሰው ጥሩልኝ ብላ ቆመች። እኔ እስቅ ወይ አለቅስ ቸገረኝ። ቀኑን ያለ ስሕተት የሚያወጣ ሰው ቀኑን ልክ በማድረጉ ድምፁን ሊያጣ! መሪጌታ ግን አልሳቁም፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር። መምህር ሰጠኝ ተነሥቶ አስቀመጣቸውና፣ የእርስዎ ቀን ልክ ነው፣ ማሽኗ አገራችንን አታውቅም አላቸው።

ቀኑን ለዲስኳ እንደሚገባት መልሶ አስተካከለና ጥገናውን ጀመረ። ልጠግን? ትላለች፣ አዎ ይላታል፣ ልጠግን? አዎ። ስትጨርስ መቅደሱ ተከፈተ። እልል ልል አፌን ስከፍት የድጓው ፎልደር ባዶ ሆኖ አየሁት። መብራቱ ሲጠፋ ማውጫው ተበጥሶ ኖሯል። መምህሩ ግን ቆይ ብሎ የጠፋ ሲገኝ የሚጠራቀምበትን አንድ ጥግ ከፈተ። የድምፅ ፋይሉ እዚያ ተከምሯል፤ ስም የለው፣ ተራ የለው፣ ቁጥር ብቻ። ይሄን ማን ይለየዋል እያለ አንዱን ጠቅ አደረገው። የመሪጌታ ድምፅ፣ ያ የጥንቱ፣ ያልታመመው፣ ክፍሉን ሞላው። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንድ ስንኝ እንኳ ሳይሞላ እጃቸውን አነሡና ሹክ አሉ፣ "ምኵራብ። ሁለተኛው።" መምህሩ ስሙን ጻፈ። ሌላ ጠቅ አደረገ። "ዘወረደ። መጀመሪያው።" ስንሰማና ስንሰይም ቢመሽብን የመምህር ሰጠኝ ባለቤት እኛው ዘንድ እደሩ አለችን፣ አደርን፤ በማግስቱም ያንኑ ስንሠራ ዋልን። መሪጌታ አንድ ጊዜም ደከመኝ አላሉም፣ እኛ ስናዛጋ በመቋሚያቸው ወለሉን ይመቱብናል። የተበተነው ድጓ በጆሯቸው ተሰፋ።

ሲያልቅ አንድ ጎደለ። መፃጉዕ። ከአራተኛው ሳምንት አንዱ ቁራጭ የለም፤ መምህር ሰጠኝ ግልባጩን ሳይቀር ከላይ እስከ ታች ፈተሸው፣ የለም። ይበቃል፣ ይሄ መትረፉም የእግዜር ሥራ ነው አልሁ እኔ። መሪጌታ ወደኔ ዞረው እንደ ተማሪያቸው አፈጠጡብኝና ማይክራፎኑን አምጪ አሉ። ጉሮሮዎ ይደማል፣ ሐኪሙ ምን ነበር ያለዎት ብዬ ተከራከርሁ። መልሳቸውን ዛሬም እሰማዋለሁ። "በላይነሽ፣ ጎዶሎ ድጓ አላስተምርም።" ከማሽኗ ጋር ጠቅልዬው ነበርና አምጥቼ ሰጠኋቸው።

ዜማ ነው ለማለት ይከብዳል። ሻካራ ነበር፣ ከበሽታ የተረፈ ትንፋሽ ነበር፣ ግን አንድም ምልክት አላለፉም። ከመካከል ደርሰው ድምፃቸው ተቋረጠ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንድ ረጅም ትንፋሽ ሳቡና ካቆሙበት አነሡት። መምህር ሰጠኝ እንደገና እንቅዳው ቢላቸው፣ አይሆንም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሁለተኛ እንደማይወጣ ያውቁታል። ከዚያ ወደኔ ዞረው ከመሐላዬ ፈቱኝ። አንድ ቦታ አኖራለሁ ብዬ ላጠፋው ነበር፣ ይገልበጥ፣ ይብዛ፣ ለፈለገ ሁሉ ስጪ አሉኝ። እኔም ሰጠሁ። በሲዲ ሰጠሁ፣ በፍላሽ ሰጠሁ፣ ስልክ ሲመጣ በስልክ ሰጠሁ። መሪጌታ ጥቂት ዓመት አስተምረውበት ዐረፉ፤ እኔም ሱቁን ዘጋሁ። ድምፃቸው አሁን የት የት እንዳለ አላውቅም። ባለፈው ኮሶዬ ላይ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ዲያቆን በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማው አጠገቡ ተቀምጬ አወቅሁት፣ ለቀቅ አድርገው አብረን እንስማ አልሁት።

አምና በመፃጉዕ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ነበር። ማኅሌቱን የሚመራው ወጣት ነው፣ መሪጌታ ሀብቴን በዓይኑ አላያቸውም። ከዜማው መካከል ደርሰው ሁሉም ባንድ ጊዜ ቆሙ። አንድ ረጅም ትንፋሽ ሳቡ፣ ከዚያ ቀጠሉ። እኔ በደረቁ ደነገጥሁ። ያ እረፍት ድጓው ላይ የለም፣ ከአንዱም ሊቅ አልወረደም፤ ዳባት ላይ የታመመ ጉሮሮ የወለደው ነው። ከቅዳሴ በኋላ ወጣቱን ጠርቼ፣ ልጄ፣ እዚያ ላይ ለምን ትቆማላችሁ አልሁት። በአክብሮት ዝቅ ብሎ፣ "የኛ መምህር እንዲህ ነው ያወረዱልን፣ እማማ" አለኝ። ሁሉን ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፣ ተውሁት። ዘንድሮም ሄድሁ። ቦታው ሲደርስ እኔም አብሬያቸው ትንፋሼን ያዝሁ።